ተራው የደረሰ ሰው

በ1593 አባ ባሕርይ የሚባል የጋሞ ካህን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኦሮሞ ዘመቻ ደቡቡን አልፎ መሀል አገር ገብቷል፤ የእርሱም አገር ተዘርፏል። የክርስቲያኑ መንግሥት ሕዝብ ቁጥሩ ብዙ ነው፣ መሣሪያም አለው፤ ታዲያ ለምን ይሸነፋል? ባሕርይ መልሱን በግእዝ ሲጽፍ ነገሩን በእግዚአብሔር ፈቃድ ብቻ አላሳበበም። የገዛ ወገኑን ዐሥር ቦታ ከፍሎ ቆጠረ። መነኮሳት፣ ደብተሮች፣ ዳኞች፣ የመኳንንት ሚስቶችን የሚያጅቡ፣ ባለርስት ሽማግሌዎች፣ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ አዝማሪዎች እያለ ዘጠኙን ከጦር ሜዳ አስወጣቸው። የሚዋጋው ዐሥረኛው ወገን ብቻ ነው። በወዲያኛው በኩል ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉም ጦር ያነሣል።

ይህን ክፍል የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነት ሲያወሩ ይጠቅሱታል። ከሌላ ማዕዘን ሲታይ ግን ባሕርይ ያስተያየው ሁለት ዓይነት አኗኗርን ነው። በአንደኛው ሰው ሥራውን አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው፤ ደብተራው ደብተራ፣ ነጋዴው ነጋዴ ሆኖ ይሞታል። በሌላኛው ሰው በየጊዜው ከአንዱ ኃላፊነት ወደ ሌላው ይሻገራል፣ መሻገሪያውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ካህኑ ይህን መሻገሪያ በጥንቃቄ መዝግቦታል፤ ሜልባ፣ ሙደና፣ ኪሎሌ፣ ቢፎሌ፣ ሚችሌ እያለ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረከቡትን ትውልዶች እስከ ራሱ ዘመን ድረስ ቆጥሯል። ስለ ገዳ ሥርዓት ዛሬ በእጃችን ካሉት ጽሑፎች ቀዳሚው በሥርዓቱ የተጎዳ ሰው እጅ የተጻፈ መሆኑ ከታሪክ ፌዞች አንዱ ነው።

«ለምን እኖራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰው ለብቻው ተቀምጦ የሚያወጣው የሚያወርደው ጉዳይ ተደርጎ ይታሰባል። የአዋሽ ወንዝ ዳር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በዚያ አካባቢ ለብዙ ትውልድ የሕይወት ዓላማ በተራ የሚደርስ፣ ሌሎች ለሰው የሚሰጡት፣ ጊዜው ሲያበቃም የሚያስረክቡት ነገር ነበር። ተራውን የሚቆጥረው አካል በየዘመኑ ተለዋውጧል። በገዳው ቦታ የስኳር ኩባንያ፣ በኩባንያው ላይ መንግሥት፣ በጡረታ ዘመን ደግሞ እድሩ መጥተዋል።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አዋሽ መልካሳ ይደርሳል። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አርሲ ይዘልቃል። በዚህ ሜዳ ጅሌዎች፣ በወዲያኛው ዳር አርሲዎች፣ ወንዙን ተከትለው ወደ ፈንታሌ ሲወርዱ ደግሞ ከረዩዎች ከብት ያረቡ ነበር። ሁሉም ገዳን ያውቃሉ፤ የደረጃዎቹ ስምና ዝርዝር ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጥልቀት የተጠናው የቦረናው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከቦረናዎች ጋር ኖሮ በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ነው።

በዚያ ጥናት መሠረት የመጀመሪያው ደረጃ ደበሌ ይባላል። የደበሌ ጸጉር አይላጭም፤ እንደ ሴት ልጅ ይረዝማል። ሕፃኑ በሰውና በዋቃ (በፈጣሪ) መካከል እንዳለ ስለሚቆጠር አይመታም፤ እናቱም በእርሱ የተነሣ ትከበራለች። ስለዚህ ልጁ ገና ምንም ሳይሠራ አንድ ቦታ አለው። የደበሌነት ጊዜ ሲያበቃ ጸጉሩ ይላጭና ጋሜ ይሆናል፤ በመጀመሪያ ጥጆችን፣ ከፍ ሲል ከመንደር ርቆ ትልልቁን ከብት ይጠብቃል። ኩሳ ላይ ሲደርስ የወደፊቱ አባ ገዳና አማካሪዎቹ ከእኩዮቹ መካከል ይታጫሉ። ራባ የጦረኛነትና የትዳር ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በ45 ዓመት ገደማ፣ ቡድኑ ገዳውን ይረከብና ለስምንት ዓመት ሕዝቡን ይመራል።

ሥልጣን በሰላም ማስረከቡ ብዙ ተወርቶለታል፤ በየስብሰባው «የአፍሪካ ዲሞክራሲ» እየተባለ የሚወደሰውም ይህ ነው። ብዙም ያልተወራለት ከርክክቡ በኋላ የሚመጣው ነው። አባ ገዳው በ53 ዓመቱ አካባቢ ወንበሩን ሲለቅ ሥራ አይፈታም። ዩባ ይሆናል፤ ይህም 27 ዓመት ያህል የሚዘልቅ የምክር፣ የሕግ ትምህርትና የሽምግልና ጊዜ ነው። በመጨረሻ ገዳሞጂ ይባላል፤ ከደም ማፍሰስ ይርቃል፣ ለስምንት ዓመት በልዩ ሥርዓት ይኖራል፣ ምርቃቱ ይፈለጋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረጃ ይመሳሰላሉ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ከጦር ውጭ ሆነው ለዋቃ የቀረቡ ናቸው። በመሀል ያለው ሰው የሚለፋው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም።

ሥርዓቱ ግን ለሁሉም እኩል አልደላም። የገዳ ደረጃ በዕድሜ ብቻ አይሰጥም፤ ልጅ ምንጊዜም ከአባቱ አምስት ደረጃ፣ ማለትም 40 ዓመት፣ ወደ ኋላ ነው። አባቱ በወጣትነቱ የወለደውና በሽምግልናው የወለደው ወንድማማቾች በዕድሜ ምን ያህል ቢራራቁ ደረጃቸው አንድ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንዳንዱ ጢም ካበቀለ በኋላ ገና በልጆች ደረጃ ይገኛል፣ ሌላው ተራው ሳይደርስ ያረጃል። ስሌቱ እንዳይዛባ ሲባል ልጅ የማሳደግ ፈቃድ የሚገኘው ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ብቻ ነበር፤ በቀድሞው ዘመን ከዚያ በፊት የተወለደ ሕፃን በወላጆቹ ቤት አያድግም። አስመሮም ይህንን አልሸፈነም፤ ዛሬ ገዳን የሚያወድሱ ንግግሮች ግን ዘለውት ያልፋሉ።

ሴቶችም ከደረጃዎቹ ውጭ ነበሩ። ከአዋሽ ወዲያ ማዶ፣ በአርሲ፣ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የምትባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ያገባች ሴት ስትበደል እልል ብላ ትጮኻለች፤ የሰሙት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከየቤታቸው ይወጣሉ፣ በዳዩ ክሶ ይቅርታ እስኪጠይቅም አይመለሱም። ሲጣሉ የተገኙ ወንዶች መሀል በበትሯ የገባች ሴት ጠቡን ታስቆማለች። ወንዱ በየስምንት ዓመቱ ተራ ጠብቆ የሚያገኘውን ክብር ሴቷ በሠርጓ ቀን በእጇ ይዛው ትገባለች፤ ለመምራት ሳይሆን ለማስታረቅ ቢሆንም።

ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በዚህ ሜዳ ላይ ሕግ የሚወጣው ከሌላ ቦታ ሆነ። ሰኔ 1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ በመንገዱ ላይ ያለችው አዳማ በጣቢያዋ ዙሪያ እያደገች፣ በኋላም ናዝሬት ተብላ፣ ከተማ ሆነች። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በኢንዶኔዥያ ይሠራ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1951 ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1954 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለ፣ ቀጥሎም መተሐራ። ጅሌዎች የወንጂን የግጦሽ መሬት፣ ከረዩዎች የመተሐራን አጡ። አገዳ ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኛ መጣ።

ስኳር ፋብሪካ አገዳ መጭመቅ ከጀመረ ሌት ተቀን አያቆምም፤ ስለዚህ የሰው ቀን በሺፍት ተከፈለ። ኩባንያው ቤት፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሰጠ፤ ሰውን በመንደር፣ በማዕረግና በደመወዝ እርከን አስቀመጠ። «እሱ ማን ነው?» ሲባል መልሱ የጎሳ ስም መሆኑ ቀርቶ «የቦይለር ሰው ነው»፣ «ቆራጭ ነው» ሆነ። ከከምባታ የወጣ ልጅ ገንዘብ ቆጥቦ ለአባቱ በሬ መግዛቱ በራሱ የኑሮ ዓላማ ነበር፤ ይህን የሚንቅ ሰው ረኀብን አያውቅም። ዋጋው ደግሞ ቀስ ብሎ ታየ። ከጉድጓድ የሚወጣው የወንጂ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። በእርሻው መንደሮች ያደጉ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ውኃውን ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ወገባቸውና አንገታቸው ደረቀ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች ጉዳዩን በጥናት አረጋግጠዋል። ጉልበቱን ለፋብሪካው የሰጠ ሰው ጡረታ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ መነሣት የሚያቅተው ሆኖ ተገኘ።

መልካሳም በእነዚሁ ዓመታት ሥራ አገኘች። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ተመርቆ ነበር። ቆቃ የለቀቀውን ውኃ እንደገና ለመጠቀም አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 ተከፈቱ፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በኋላ የውኃ ማጣሪያ አሉምና ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ ተተከለ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ግን ሥራ ያልሰጠው የለም።

ከዚያ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ መንግሥት ራሱ ዓላማ አዳይ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። «መሬት ላራሹ» ብለው ሲጮኹ ለነበሩ ወጣቶች ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው ተራ አልነበረም፤ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ብዙዎቹ በስፍራው ተገኝተው ለገበሬው አስረድተዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን የሚሠሩት በማን ትእዛዝ እንደሆነ አጠያየቃቸው። አንዳንዱ ሸሸ፣ ሌላው ታሰረ። ገዳ ተራውን ሲሰጥ የማስረከቢያውንም ቀን አብሮ ይናገራል፤ ደርግ የሰጠው ተራ ቀን አልነበረውም።

የተሰጠ ዓላማ ሲነጠቅ ምን ይከተላል? ለዚህ የተሻለው ጥናት የተሠራው ከአዋሽ በጣም ርቆ፣ በኦስትሪያ ነው። ከቪየና በስተደቡብ ያለችው ማሪንታል የምትኖረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በ1930 አካባቢ ሲዘጋ መንደሩ ሙሉ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎቹን ቀርበው አጠኑ፤ ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስላገኘ የበለጠ ያነባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጡት መጻሕፍት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ቀነሱ። ወንዶቹ የቀን ውሏቸውን እንዲጽፉ ሲጠየቁ ከቁርስ እስከ ምሳ ምን እንደሠሩ መናገር አቃታቸው። ተመራማሪዎቹ መንገድ ላይ ሰዓት ይዘው ሲለኩ ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ መሀል ላይም ደጋግመው ይቆማሉ። ሴቶቹ ደመወዝ ቢያጡም ምድጃው፣ ልጁና ልብሱ እጃቸውን አላስፈታም። ከዚህ በኋላ ሥራ አጥነትን የገንዘብ ችግር ብቻ አድርጎ ማየት ከባድ ሆነ።

ወንጂ ላይ እንደ ማሪንታል ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተዘጋም። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ከ2010 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ቆመው በምትካቸው አዲሱ ዶዶታ ላይ ተተከለ። ነገሩ በየቤቱ፣ በየአንዱ ሰው ላይ የሚደርሰው ግን በጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጣ፤ የመውጫው ዕድሜ ቀድሞ 55፣ በኋላ 60 ሆነ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ በ2011 ተካተተ። ሕጉ ለጡረተኛው አበል ያስባል። ከዩባ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ነገር ግልጽ ነው፤ የ60 ዓመት ሰው ነገ ጠዋት ምን እንደሚጠበቅበት የሚነግረው የለም።

ያንን ክፍት ቦታ የሞላው እድር ነው። የአዳማን፣ የመልካሳን፣ የወንጂን የእድር ወንበሮች የሚይዙ ሰዎች በአብዛኛው ወይ ጡረታ የወጡ ናቸው ወይ ሊወጡ የተቃረቡ። ዳኛው የተጣላ ያስታርቃል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ማን እንደከፈለ፣ ማን ቀብር ላይ እንደቀረ ይለያል፤ ንብረት ክፍሉ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ይቆጥራል። ትናንት ተርባይን ይጠብቅ የነበረ ሰው ዛሬ ሌሊት ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የት ይተከል ብሎ ያዝዛል፣ ይታዘዝለታልም። በእድር ስብሰባ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ የሚከራከሩ ሽማግሌዎችን አይቶ የሚስቅ ወጣት አይጠፋም። እድር ግን ለቀብር ብቻ የቆመ ማኅበር አይደለም። በገዳ የዩባው ድርሻ የነበረውን ሕግ ማስታወስና ሰው ማስታረቅ በከተማ ውስጥ ይዞ የቆየ፣ ለሞተው ከሚያደርገው ይልቅ በሕይወት ላለው ሽማግሌ የሚያደርገው የሚበልጥ ተቋም ነው። ሴቶቹ የራሳቸው እድር አላቸው፤ ዕቃቸውንም ለወንዶቹ በቀላሉ አያውሱም።

የመልካሳ ሌላው ሥራ ከገዳ ጋር በአቆጣጠር ይገጥማል። በ1966 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1969 አዋሽ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ላይ፣ ጣቢያ ከፈተ። ዛሬ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይባላል። ዝናብ ዘግይቶ ለሚመጣበትና ቶሎ ለሚሄድበት ቆላ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ቦሎቄ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ያሻሽላል። ሥራው ለትዕግሥት የለሽ ሰው አይሆንም። ሁለት ወላጅ ተክሎች ይዳቀላሉ፤ ልጆቻቸው ባሕርያቸው እስኪረጋ ድረስ ከዓመት ዓመት ይዘራሉ፣ ይመረጣሉ፤ ከዚያ በተለያዩ አካባቢዎች ይፈተናሉ፤ በመጨረሻ የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ መጥቶ ያያቸዋል። አብዛኛው መስመር በመንገድ ይጣላል። ከመጀመሪያው ማዳቀል እስከ ጽድቅ ስምንት ዓመት ቢፈጅ ፈጠነ ይባላል፤ ዐሥርና ዐሥራ ሁለትም ይሄዳል። አንድ ተመራማሪ በሙያ ዘመኑ ሦስትና አራት ዙር ቢያገኝ ነው። የጀመረውን ሳይጨርስ ጡረታ የሚወጣ፣ ሌላው የጀመረውን የሚጨርስ ብዙ ነው።

የሚቀረው ስም የሰው ስም አይደለም። «መልካሳ 2» እና «መልካሳ 4» የተባሉት በቆሎዎች ቶሎ በመድረሳቸው ይታወቃሉ፤ «አዋሽ መልካ» ነጭ ቦሎቄ ነው፤ «መልካ ሾላ» እና «መልካ ሳልሳ» ቲማቲሞች ናቸው። አቀንጭራ የተባለው አረም የማይበግራቸው «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉ ማሽላዎች የመጡት ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ ነው። ገቢሳ ወሎንኮሚ ተወልዶ ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዝ የነበረ፣ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘ ሰው ነው። ሽልማቱን ዓለም ያውቃል፤ ዘሩን በየጣቢያው የፈተኑትን ግን ከሥራ ባልደረቦቻቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰዎች ዓላማ አጣሁ ብለው ሲያማርሩ መስማት ብርቅ ነው፤ ሲያማርሩ የሚሰሙት በመስኖ ፓምፕና በበጀት ነው።

ኅዳር መጨረሻ 2016 የዩኔስኮ ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ የገዳን ሥርዓት በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ወጣቶች ሥራና መሬት እያሉ አደባባይ ወጥተው ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ በኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ሞቷል። ሥርዓቱ ለዓለም ቅርስ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ተራ ይሰጣቸው የነበሩ ወጣቶች ልጆች ተራቸውን የሚጠይቁት ከመንግሥት ነበር።

ገዳውን እስከ ዛሬ በዙሩ ከሚያስረክቡት መካከል ፈንታሌ ያሉት ከረዩዎች ይገኙበታል። ግጦሻቸውን ከስኳር እርሻው በተጨማሪ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወስዶባቸዋል። በ2000ዎቹ መጨረሻ የኦሮሚያ ክልል የፈንታሌን መስኖ ሲጀምር አዋሽን በቦይ ወደ ሜዳው አወጣላቸውና ከብት አርቢው ገበሬ መሆን ጀመረ። በቆሎና ሽንኩርት ተዘራ። ከብት በድርቅ ቢያልቅም ከቀሩት ጥቂቶች በዓመታት ተመልሶ ይበዛል፤ ሽንኩርት ዋጋው በወደቀበት ሳምንት ከተነቀለ ግን የሚመልሰው የለም። የከረዩ ወጣት ዛሬ ሁለት ቀጠሮ አለው፤ አንዱ ከእኩዮቹ ጋር ገዳውን የሚረከብበት ሩቅ ዓመት፣ ሌላው ከአዳማ የሚመጣው ነጋዴ መኪናውን ማሳው ዳር የሚያቆምበት ጠዋት።